ከአራት ስድስት ያመጣ ዕጢ

የሂሳብ መምህሩ ከላቦራቶሪው መስኮት የተቀበለውን ወረቀት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። የፕሮስቴት የደም ምርመራ፣ ውጤት ስድስት ነጥብ ሁለት። ከጎኑ ደግሞ፦ «ከዜሮ እስከ አራት»።

«ከአራት ስድስት አመጣሁ» አላት ሚስቱን።

«እሰይ!» አለች። ፊቱን አየችና፣ «እሰይ አይደል እንዴ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ፈተና ሲያርም ከሙሉው ነጥብ በላይ ያመጣ ተማሪ ገጥሞት አያውቅም። ቢገጥመው ኮርጇል ብሎ ያባርረው ነበር፤ ተማሪዎቹ «ጋሼ ዜሮ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። አሁን ግን ጥፋተኛው የገዛ ዕጢው ሆነ። ጎረቤቱ ጡረተኛው ሹፌር ደግሞ «ቁጥሩ ካለፈ ካንሰር ነው፣ አለቀ» ብሎታል።

ወደ ሐኪሙ ሲገቡ ባሰበት። ሐኪሙ የድሮ ተማሪው ነው፤ ታሞ የቀረበትን ፈተና «ድጋሚ ይስጡኝ» ብሎ ሲለምን፣ «የእኔ ፈተና ድጋሚ የለውም» ብሎ የመለሰው ልጅ።

«ቲቸር! ይቀመጡ። እትዬ፣ እርስዎም።»

«ሳትዞርበት ንገረኝ። ካንሰር ነው?»

«ገና አይታወቅም።»

«አይታወቅም ምን ዓይነት መልስ ነው?»

«እርስዎ ዘንድ ዜሮ ያሰጠኝ ዓይነት።»

ሐኪሙ እስክሪብቶ አንስቶ ሣለለት። ፕሮስቴት የምትባለው ዕጢ ከሽንት ፊኛ ሥር ሆና ቧንቧውን እንደ ቀለበት ከባዋለች። ዕድሜ ሲገፋ ትወፍራለች፤ ስትወፍር ቧንቧውን ታንቃለች፤ ሽንት ይቆራረጣል፣ ቶሎ ቶሎ ያመላልሳል። ይሄ የብዙ ወንድ ዕጣ እንጂ ካንሰር አይደለም። ቁጥሩን ግን ካንሰርም ከፍ ያደርገዋል፣ መወፈሯም፣ ኢንፌክሽንም።

«አንድ መልስ፣ ሦስት ጥያቄ!» አለ መምህሩ ግራ ተጋብቶ። «ይሄ ሂሳብ አይደለም።»

«አራተኛም አለው።» ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደም ሊሰጡ ሁለት ቀን ሲቀርዎት፣ ወይ በዋዜማው... ከእትዬ ጋር ግንኙነት አድርገው ነበር?»

መምህሩ ኮርኒሱን አየ። «ይሄ ከትምህርቱ ውጪ ነው።»

«ካልመለሱልኝ ቁጥሩን እንዳለ ወስጄ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ልልክዎ ነው። ከዕጢዋ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል።»

መርፌና እፍረት ሲመዘኑ እፍረት አሸነፈች።

ሚስቱ ሻርፗን አስተካከለች። «በዋዜማው» አለች።

«አንቺ!»

«በይሉኝታ መርፌ ልትወጋ ነው እንዴ? ‹ምን እንደሚነግሩኝ አይታወቅ፣ ምናልባት የመጨረሻችን ይሆናል› አለኝ፣ ልጄ። እኔስ ምን ልበለው?»

ሐኪሙ ፊቱን በወረቀት ከለለ። ወረቀቱ ለጥቂት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «የሽንት ምርመራዎ ንጹሕ ነው፤ ኢንፌክሽን የለም። ከወር በኋላ ደሙ ይደገማል። ሁለት ቀን ቀደም ብለው ግን... ዕረፍት።»

«ድጋሚ ሰጠኸኝ?»

«ሰጠሁዎት።»

«እኔ እኮ ከልክዬህ ነበር።»

«አልረሳሁትም፣ ቲቸር።»

በወሩ ሦስት ነጥብ ስድስት መጣ። ሚስቱ ወረቀቱን አይታ ደረቷን ያዘች። «ወረደብህ?»

«መውረዱ ነው ደጉ፣ እትዬ» አለ ሐኪሙ።

«አለፍኩ ማለት ነው?» አለ መምህሩ።

«ለጊዜው። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይፈተናሉ።»

«ታዲያ የምመረቀው መቼ ነው?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዕጢው ግን ጥያቄውን አላስጨረሰችውም። ወረቀቱን ለሚስቱ ወርውሮ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ።