የሽማግሌው ምሳ

ሽማግሌው ዛሬ ምን ነክቶት ቀረ?

አብሳይዋ ከሐይቁ በላይ በተዘረጋው የእንጨት በረንዳ ጫፍ ቆማ የቆርቆሮ ባልዲዋን በጭልፋ ደግማ ደበደበች። ሦስት ምት፣ ፋታ፣ ሦስት ምት። ከዚያ የዓሣውን ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ወደ ውሃው ዘረገፈችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ምት ያ ጀርባው እንደ አሮጌ ጎማ የተሰነጣጠቀ አዞ ከች ይል ነበር፤ ምሳ በሊታዎቹም ሹካቸውን ትተው ስልካቸውን ያነሱ ነበር። ፓርኩ አውሬ መመገብን ከከለከለ ቆይቷል። ግን የጠባቂዎቹ ጣቢያ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የሚመጣው ለሽማግሌው ነው።

ዛሬ ሆድ ዕቃው ተንሳፍፎ ቀረ።

"ሽማግሌሽ ኮራብን እኮ!" አለ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እንግዶቹ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። ጠጋ ሲላት ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ድገሚው።"

"ጋሼ፣ እጄ እስኪዝል መታሁ። የለም።"

"ሰርግ ተጠርቶ ነው በይኝ ደግሞ!"

ጥጉ ላይ፣ ለአራት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ ይዛ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ሳቀች። ባሏና ሁለት ሴት ልጆቿ ዓሣው እስኪጠበስ በጀልባ አንድ ዙር እንበል ብለው ሄደዋል። የወሰዳቸው የአብሳይዋ ታናሽ ወንድም ነው።

"ይቆያሉ እንዴ?" አለች ሴትዮዋ። "ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው።"

"አሁን ይደርሳሉ፣ እህቴ። ወንድሜ ወሬ ከያዘ መቅዘፉን ይረሳል።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ድምፁን ሰማችው። ነፋስ አልነበረም፤ ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቷል። ከቄጠማው ማዶ፣ ቆርቆሮ ብረት ላይ ሲያርፍ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ፋታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ወንድሟ ነው። ጀልባዋ ውሃ ታስገባለች። ባለፈው ሳምንት የውሃ መጭለፊያዬ ተሰበረ ሲላት የወጥ ቤቱን አሮጌ ባልዲ አንስታ የሰጠችው እሷ ናት። ውሃ በደፋ ቁጥር ባልዲውን የጀልባዋ ብረት ላይ እየመታ ያራግፈዋል። እንዲህ የሚጣደፈው ደግሞ ውሃው ቢያሸንፈው ነው።

"ጋሼ፣ ለጠባቂዎቹ ይደውሉ። የሞተር ጀልባ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።"

"ምን ብዬ?"

"ይስሙት እስቲ! አዞውን ወደ ራሱ እየጠራው ነው!"

ባለቤቱ አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አንደበቱ ግን አልተበገረም። "ሞኝ አትሁኚ" አላት በሹክሹክታ። "ስንቀልበው ኖረናል ልበል? ዛሬውኑ ቤቱን ያሽጉታል። አንቺም እኔም ሁለተኛ የዚህን ፓርክ በር አናልፍም።"

"ያሽጉት።"

ስልኳን አውጥታ ራሷ ደወለች። ሴትዮዋ እንደምትሰማት ብታውቅም ድምፅዋን አልቀነሰችም። "አዞ እንመግባለን። አዎ፣ እኛ። በባልዲ ድምፅ አስለምደነዋል። አሁን ጀልባ ላይ አራት ሰው አለ፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። ቶሎ ድረሱ።"

ከኋላዋ ወንበር ተገለበጠ።

ወደ ወንድሟ ደወለች። ይጠራል፣ አያነሳም። ጻፈችለት፦ "ባልዲውን ብረቱ ላይ አትምታው። ድምፅ አታሰሙ። ጠባቂዎቹ እየመጡ ነው።"

መልእክቱ ሄደ። ከቄጠማው ማዶ የሚሰማው ድምፅ ሁለተኛው ምት ላይ ቆመ። አንብቦት ይሆናል ብላ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። መልስ አልመጣም፤ በዚያ ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።