ሦስተኛው መደብ

ስምንተኛውን መስመር በማስመሪያ እያሰመርኩ ነበር። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በግራ በኩል «መደብ»፣ በቀኝ በኩል «ክብደት» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከታች ድምሩ የሚገባበትን ሳጥን ሁለት ጊዜ ከብቤዋለሁ። ከፊቴ፣ ሣሩ ላይ በተነጠፈው የኮባ ቅጠል ዙሪያ፣ አባቴ ጎንበስ ቀና እያለ የበሬውን ሥጋ ስምንት ቦታ ይመድባል።

ጊንጪ ውስጥ በእኛ ሰፈር ስምንት ቤት ሆነን ለፋሲካ አንድ በሬ እንገዛለን። ቅርጫውን የሚከፍለው አባቴ ኦቦ ዳዲ ነው። ሃያ ዓመት ሆኖታል። ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለሁሉም ያደርሳል፤ የሚከፍለው በዓይኑ ብቻ ነው። ሲጨርስ ዕጣ ይወጣል። ጎረቤታችን አዴ ወርቅቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ አንድ ሰው መደቡን እየጠቆመ «ይህ ለማን?» ይላል፤ እሳቸው ሳያዩ የአንዱን ቤት ስም ይጠራሉ። አባቴ በሰፈሩ ሌላ ሹመት የለውም። የእድር ዳኛ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ሆኖ ተመርጦ አያውቅም። ያለው ይህ ቢላ ነው።

ደብተሩ የኮሌጅ ጉዳይ ነው። አምቦ በምማርበት ኮሌጅ «ሒሳብ ለዕለት ኑሮ» የሚባል የመግቢያ ኮርስ አለ። ስሙን ስሰማ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሚድ ፈተና ላይ ከሠላሳ አሥራ አንድ አገኘሁ። መምህር ምትኩ ለበዓል ስንበተን «ከኑሯችሁ አንድ ችግር ፈልጉ፤ ለኩት፤ ፍቱት። ሠላሳ ከመቶ ይይዛል» አሉን። ቤት ገብቼ ሦስት ቀን ሙሉ ችግር ፈለግሁ። እናቴን «እማዬ፣ እኛ ቤት ምን ችግር አለ?» ብላት «ማን ምን አለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ችግር ባጣሁ ጊዜ ሚዛን አገኘሁ። ያዋሰችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎረቤታችን ሽታዬ ናት፤ የቅርጫው አባልም ናት። ሕፃናት የሚመዘኑበት፣ ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ክብ ሚዛን ነው። ከሥሩ ሕፃኑ የሚገባበት ሰማያዊ የጨርቅ ሱሪ አለው፤ ሁለት የእግር ቀዳዳ ያለው።

«አባዬ፣ ዕጣው ሳይወጣ ልመዝነው?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ስላልተሰማኝ ደግሜ ጠየቅሁ።

«ምኑን?»

«መደቡን። ለትምህርት ነው።»

«ለትምህርት ከሆነ መዝኚ፣ ኢንተላ ኮ» አለ። ልጄ ማለቱ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኮሌጅ ነው!» አለ።

ሚዛኑን ግቢያችን ውስጥ ያለው የዘይቱና ዛፍ ላይ ሰቀልነው። የመጀመሪያውን መደብ በትልቅ ፌስታል አድርገን ሱሪው ውስጥ አስገባነው። ሽታዬ መርፌው እስኪረጋ ጠብቃ አነበበች።

«አሥራ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ። የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ ጎበዝ ናት።»

ጻፍኩ።

«ሁለተኛው፣ አሥራ ሦስት ከአንድ መቶ። ይሄ ግን ከስቷል፤ ለሚቀጥለው ወር ይቀጠር።»

ሰዎች ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። ሦስተኛው ሲነሳ ፌስታሉ ተቀደደና ቅልጥሙ በአንደኛው የእግር ቀዳዳ ብቅ አለ። አዴ ወርቅቱ «ዋቀዮ! ሊሄድ ነው እኮ!» ብለው ሆዳቸውን ያዙ።

«አሥራ አምስት ኪሎ» አለች ሽታዬ።

ሳቁ እዚህ ላይ ቆመ። ያቆሙት ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው። ጋሽ እንግዳወርቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሬት በሜትር ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመው አድረው፣ በቀጥታ ወደ ቅርጫው ነው የመጡት።

«ቆይ። ሁለተኛው ስንት ነበር?»

«አሥራ ሦስት ከአንድ መቶ» አልኩ። ደብተር ላይ ያለ ቁጥር ሲጠየቅ ከአፌ ያመልጠኛል።

«በሁለቱ መካከል አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ! ሃያ ዓመት ሲባዛ ሠላሳ ስምንት ኪሎ! ዳዲ፣ ጥጃ እኮ ነው! ጥጃ በልታችሁብኛል!»

«ጋሽዬ፣ በየዓመቱ ትንሹ እንደደረሰዎት በምን አወቁ?» አለች ሽታዬ።

«ዕድሌን አውቃለሁ!»

ስምንቱም ተመዘኑ። ድምሩ መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሆነ፤ ለስምንት ሲካፈል ልክ አሥራ አራት። ያለ ቀሪ ነው የተካፈለልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ማካፈል ሠርቼ አላውቅም። ሳላስበው «አሥራ አራት!» አልኩ። በዚህ ጊዜ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ሰማችሁ? አሥራ አራት መሆን ነበረበት» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። «እና አንድም አሥራ አራት የለም። አንድም!»

ሁሉም አባቴን አዩት። እኔም አየሁት። አባቴ ደግሞ ሥጋውን አየ።

«ሥጋ ነው እንጂ ሚስማር አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ሚዛን ዋሸ?»

አባቴ ቢላውን በኮባው ጠርዝ ጠረገና እጀታውን ወደ ጋሽ እንግዳወርቅ አዞረ። «እንካ።» ከዚያ ሄዶ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጁን ምን ላይ እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ጉልበቱ ላይ አደረገው፣ አነሳው፣ መልሶ አደረገው። ከደብተሬ ላይ ገጹን ቀድጄ መዋጥ አማረኝ። ለሠላሳ ከመቶ ብዬ የአባቴን ቢላ አስወሰድኩበት።

ጋሽ እንግዳወርቅ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከከባዱ እየቆረጡ ለቀላሉ መጨመር ጀመሩ፤ እኔ እየመዘንኩ፣ ሽታዬ እያነበበች። አጥንት ለመቁረጥ መጥረቢያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚቆርጡት ለቢላ የሚመቸውን ለስላሳውን ነበር። መቶ ግራም ሲጎድል ጉበት ይሸርፋሉ፤ ሃምሳ ሲተርፍ ጨጓራ ይቀነጥሳሉ። በመጨረሻ ጉበቱ ለቁርጥም ለጥብስም የማይሆን ክር ሆነ። ከወዲያኛው ግቢ ጥብስ ሸተተ። የእነሱ ቅርጫ አልቋል።

አምስት ሰዓት ላይ ስምንቱም መደቦች አሥራ አራት አሥራ አራት ኪሎ ሆኑ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሒሳብ ይህ ነው። ወርቅቱ፣ ዙሪ።»

አዴ ወርቅቱ አልዞሩም። ሦስተኛውን መደብ ትኩር ብለው እያዩ ነበር። ሁለት ቅልጥም ነበረው፤ አንገትም ነበረው፤ ሥጋው ግን ተቆርጦ ሁለተኛው ላይ ሄዷል።

«ይህን እኔ ከጠራሁበት ሰው ጋር እጣላለሁ» አሉ። «ለእኔ ቤት ከወጣ ደግሞ ከራሴ ጋር።»

«እኔም አልወስደውም» አለች ሽታዬ። «ይሄ አጥንት ብቻ ነው።»

«አሥራ አራት ኪሎ ነው!»

«አጥንቱን ይብሉታ፣ ጋሽዬ!»

ግቢው ተንጫጫ። የሁሉም ጣት ወደ ሁለተኛው መደብ ይጠቁማል፤ ሦስተኛውን የሚፈልግ የለም። ያን ጊዜ ከኮርሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሚድ ላይ ተጠይቄ የሳትኩት ነው። ሁለት ልጆች አንድ ዳቦ ሲካፈሉ፣ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል። ተነሣሁ። በሰው ፊት ተነሥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስለዚህ የተናገርኩት ለደብተሬ ነው።

«በትምህርቱ ሕግ… ጠብ ከመጣ ዕጣ የለም። ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ይመርጣል። የከፈለው ሰው መጨረሻ የቀረውን ይወስዳል።»



«የከፈለው ማለት» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ «ማን ነው?»

«ቢላው ማን እጅ ነው?» አሉ አዴ ወርቅቱ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ቢላውን አዩት። ከዚያ ሦስተኛውን መደብ አዩት። «አንዴ ቆዩ» ብለው ጎንበስ አሉ። ከሁለተኛው አንድ ትልቅ ዳቢት አንሥተው ሦስተኛው ላይ ጣሉ። ትንሽ አሰቡና ሌላም ጨመሩ። አሁን አራተኛው ሳሳባቸው፤ ከሰባተኛው ወሰዱ። ከስድስተኛው አንገት አውጥተው ለአምስተኛው ሰጡ። የትኛው ቢቀርብኝ ይሻላል እያሉ ስምንቱን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ሚዛኑን አንዴም አላዩትም። ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አሁን የትኛውም ቢቀር ግድ የለኝም» አሉ።

ዝም ብዬ መልሼ መዘንኩ። ሽታዬ እያነበበች፣ እኔ ከድሮው ቁጥር አጠገብ እየጻፍኩ። የመጀመሪያው፣ አሥራ አራት ከሁለት መቶ። ሁለተኛው፣ አሥራ ሦስት ከሁለት መቶ። ሦስተኛው፣ አሥራ አራት ከዘጠኝ መቶ።

«እስቲ ወዲህ አምጪው» አለች ሽታዬ። ደብተሩን ነጠቀችኝና ሁለቱን ረድፍ ለሰው ሁሉ አነበበች፤ የአባቴን ጠዋት፣ የጋሽ እንግዳወርቅን አሁን። ሁለቱ ረድፎች በጣም የተለያዩት በአምስተኛውና በሰባተኛው ብቻ ነበር፤ እሱም በሦስት መቶ ግራም።

አባቴ ከድንጋዩ ተነሣ። ደብተሩን አላየም፤ ላንብበውም አላለም። ከሰባተኛው መደብ አንድ ቁራጭ አንሥቶ አምስተኛው ላይ አደረገና እጁን አራገፈ። አምስተኛውን መዘንኩት። አሥራ አራት ከአራት መቶ፤ ልክ የጠዋቱ።

ጋሽ እንግዳወርቅ የሚዛኑን መርፌ አዩት። ከዚያ የቢላውን እጀታ አዙረው ለአባቴ ሰጡት።

«ጨረስክ?» አለ አባቴ።

«እኔ ምኑን ጀመርኩት! ያዝ እንጂ፣ ራበን!»

ዕጣው ይውጣ ተባለ፤ የሚጣላ አልነበረም። አዴ ወርቅቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አባቴ ሦስተኛውን መደብ በቢላው ጫፍ ጠቁሞ «ይህ ለማን?» አለ።

«ለእንግዳወርቅ!»

ጋሽ እንግዳወርቅ ሥጋውን በኬሻ አድርገው ተሸከሙና እስከ በሩ ድረስ ሄደው ዞር አሉ።

«ከሁሉም የሚከብደው የኔ ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት ጠብቄ!»

ከሰዓት በኋላ የመምህር ምትኩን ቅጽ ሞላሁ። ሁለቱን ረድፎች ገለበጥኩ። «የተገኘ መፍትሔ» በሚለው ሥር «የከፈለ መጨረሻ ይውሰድ» ብዬ ጻፍኩ። «የችግሩ ምንጭ» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። «ሚዛን» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ከላዩ «ተማሪዋ» ብዬ ጻፍኩ።

ሽታዬ ሱሪውን ለማክሰኞ ሕፃናት ትፈልገዋለች። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ቅልጥሙ ያለፈበትን ቀዳዳ አራተኛ ጊዜ አሸሁት። ጨመቅኩት፣ አራገፍኩት፣ በሁለት መቆንጠጫ ገመዱ ላይ አሰጣሁት።