የማካ መስኮት

ድንቄም መምህር! ከጀልባ ሲወርድ ጫማዬን አሸዋ ይነካብኛል ብሎ በእግሩ ጣት ሲራመድ ያየሁት ጊዜ ነው የናቅኩት። ሎፔቲ ይባላል። የዋና ከተማችን የኑኩአሎፋ ልጅ ነው፤ ሲድኒ ተምሮ መጣ። ብንቀውም እንዲሄድ ግን አልፈልግም፤ ጉልበቴ አልቋል። ስድስተኛ ክፍል መምህር ካጣ ወዲህ ከሁለተኛ ክፍሌ ጋር ደርቤ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስንከላወስ ከርሜያለሁ። ይሄ ልጅ ከሄደ ዕዳው ተመልሶ እኔው ላይ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወንዱን ከሴት እያጣመረ በአንድ ዴስክ አስቀመጣቸው። በዚች ደሴት! የአጎት ልጅ የአክስት ልጅ ሁሉ እህትና ወንድም በሆነበት! እኛ ዘንድ ወንድም እህቱ ባለችበት አይቀልድም፣ አይጨፍርም፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ይሄ ሰውዬ ግን ማካ የሚባለውን ልጅ ከገዛ እህቱ ከፉሲ ጎን ጎልቶ፣ ዳሌ እየነቀነቁ የሚዘፈን የማባዛት መዝሙር ላስተምር ብሎ ተነሳ። ልጆቹ አቀርቅረው ጭጭ አሉ። ማካማ በመስኮት ዘሎ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ የጎደሬ ቅጠሌን በኮኮናት ወተት እየበላሁ ሳለ ሎፔቲ መጣ።

«እትዬ ካሎላይኔ፣ እነዚህ ልጆች ምላስ የላቸውም እንዴ?»

«ምላስስ አላቸው። እህትና ወንድም አጣብቀህ ዳሌ ነቅንቁ ትላለህ? አፈሩ እንጂ!»

«ኤዲያ! እሱ የድሮ ነገር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ እህትና ወንድም የለም፤ ተማሪ ብቻ ነው ያለው።»

«አንተ እህት የለህም?»

«አለችኝ፤ ታላቄ ናት። ታዲያ ይሄ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?»

«እንግዲህ እንደ ፈለግክ» አልኩትና መብላቴን ቀጠልኩ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው።

ከዚያ በኋላ ማካ በየቀኑ በመስኮት ይወጣል፤ ሎፔቲም በየቀኑ የግቢውን ቆሻሻ ያስለቅመዋል። ወላጆች አጉረመረሙ። በመጨረሻ የመንደሩ ሹም አቶ ሰሚሲ ራሱ መጣ። «አርብ ወላጆች ገብተው ያያሉ። ልጆቹ አፋቸውን ካልፈቱ ቅዳሜ በመጣህበት ጀልባ ትመለሳለህ» አለው። ሎፔቲ ፈገግ አለ። ፈገግታውን እሳት ይብላው! እሱ ሲስቅ እኔ ከአንዱ ክፍል በር እስከ ሌላው ያለውን እርምጃ ስቆጥር ዋልኩ።

ሐሙስ ጀልባ መጣች። ለቤተ ክርስቲያን ግብዣ ሰሌን ይዛ የወረደች አንዲት ሴት «አናሲኒ እባላለሁ፣ የሎፔቲ እህት ነኝ» ስትለኝ እግዜር ራሱ የላካት መሰለኝ።

«ነገ ወንድምሽ ሲያስተምር እናያለን፤ ነይ» አልኳት።

«ኧረ እትዬ! እሱ ባለበት ክፍል እኔ ምን ልሠራ?»

«እሱማ የድሮ ነገር ነው ብሎናል።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዲያ አለ? በሉ እመጣለሁ» አለች።

አርብ ክፍሉ እስከ በሩ ጢም ብሎ ሞላ። ሎፔቲ አንገቱን አቅንቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ልጆች፣ ዛሬ ማፈር የለም! እንደ እኔ!» ብሎ ዳሌውን አንዴ ነቀነቀ። ያኔ አናሲኒን ይዤ ሰዉን እየገፋሁ ገባሁና ከፊት አስቀመጥኳት።

ክው አለ። ወገቡ እንደ ተጣመመ ቀረ።

«ቀጥል እንጂ መምህር!» አልኩት። «ተማሪ ብቻ አይደል ያለው?» ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ!

አናሲኒ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ሎፔቲ በሩን አየ፤ በሩ ላይ ሰው ተጠቅጥቋል። ይሄን ጊዜ ማካ ከፉሲ ጎን ብድግ አለና ሄዶ መስኮቱን ከፈተለት።

«ቲቸር፣ በዚህ በኩል ይሻላል» አለው በሹክሹክታ፤ ሁላችንም ግን ሰማነው። «ታች አሸዋ ነው፣ አያምም።»

ልጁ እያሾፈ አልነበረም፤ አዝኖለት ነው። ለዚህ ይሆናል አንድም ሰው ያልሳቀው፣ እኔም ጭምር። ሎፔቲ ልጁን ትክ ብሎ አየው።

«ማካ፣ አንተ ወደዚያ... ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥ» አለ፤ ድምፁ በግድ ነው የሚሰማው። «ሁላችሁም እንደ ልማዳችሁ።»

አናሲኒ ጎንበስ ብላ ወጣች። ዴስኩ ተንጓጓ፤ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ሆኑ። ሎፔቲ መዝሙሩን ትቶ ስምንት በሰባት ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ማካ ነበር። አቶ ሰሚሲ ቆቡን አደረገና ወጣ። ጀልባዋም ቅዳሜ ያለ ሎፔቲ ሄደች።

አርብ ማታ ግን፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ በረንዳዬ ላይ ጉልበቴን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ ሎፔቲን ግቢው ውስጥ አየሁት። ያን ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ፣ ማካን ሲያስለቅመው የከረመውን ቆሻሻ ብቻውን ጎንበስ ቀና እያለ ይለቅማል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ጥጉ ጋ አንዲት ወረቀት ቀርታለች» አልኩት።

ሄዶ አነሳት።