የእማማ መርፌ ግድግዳ

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ቀቢ ብቻም አይደለሁም፤ ሥራ ተቀብዬ፣ ቀለም ገዝቼ፣ አሳምሬ የማስረክብ ኮንትራክተር ነኝ። ሰው ጉረኛ ይለኛል፤ ልክ ነው። የምጎርረው ግን በአንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ በገዛ አፉ "ወደድኩት" ሳይለኝ መሰላሌን ከማንም ቤት አውጥቼ አላውቅም። አብሮኝ የሚሠራው የሚስቴ ወንድም ይህን ልማዴን አይወደውም። "አንድ ቀን አንዱ አልወደድኩም ብሎህ እዚያው ቤቱ ውስጥ ታረጃለህ" ይለኛል። እማማ መርፌ ዘንድ ይህ ሊደርስብኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

እማማ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን የሚጠራቸው በመርፌያቸው ነው። ምላሳቸውም ስለሚወጋ ስሙ በደንብ ልክ ሆኗቸዋል። የሚሰፉት እዚያው ቤታቸው፣ በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ያስጠሩኝ ቀን ገና ወንበር ሳልይዝ ጀመሩ።

"ቤቱ ጨለመብኝ" አሉኝ። "ግድግዳው ከርሞ ከርሞ ቡላ ሆነ። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ መርፌ ውስጥ የማስገባውን ክር አሁን መግቢያውን አጣሁት። ነጭ ቀባልኝ። ነጭ ስልህ ደግሞ ነጭ! ብርሃኑ ካልተመለሰልኝ መስፋቴ አበቃ። መስፋቴ ካበቃ ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?"

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጠነ። ማንም እንዳይሰማባቸው ነው መሰለኝ ወዲያው ተቆጡ፤ "ምን ቆመህ ታየኛለህ? ግድግዳውን እይ እንጂ!"

አየሁት። እውነቱን ለመናገር ክፍሏ እንኳን ልትጨልም ፀሐይ የማይጠፋባት ናት። ግድግዳው ትንሽ አድፏል እንጂ ያን ያህል የሚያስለቅስ አልነበረም። ግን ቀቢ ሆኖ "ቀባልኝ" ሲሉት "አያስፈልግዎትም" የሚል ማን አለ? ተስማማን።

ስወጣ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው በር ላይ ያዘችኝ። ሻሽ ያሰረች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። "ወንድሜ፣ የምትለውን ሁሉ እሺ በላት" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰሞኑን ከሰው ሁሉ ተጣልታለች። የሰፋችውን ልብስ እየመለሱባት ነው። ምን እንዳጎደለች ስጠይቃት 'ምቀኞች ናቸው' ትለኛለች እንጂ ልብሱን አታሳየኝም።"

ግድግዳውን ፋቅን፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ ከዚያ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ ነጭ ቀባን። በራሴ ሥራ ልቤ ሞቀ። እማማ መርፌን ጠራኋቸው። መሃል ክፍሉ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና ዙሪያውን ቃኙት።

"ነጩን የምትቀቡት መቼ ነው?" አሉ።

"ይኸው ተቀባ እኮ፣ እማማ።"

"ይሄ? ይሄ ቅቤ ነው!"

የሚስቴ ወንድም ሳቁን ሊደብቅ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ደሜ ፈላ። "እማማ፣ ይሄ ነጭ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብዬ ማልኩ።

"ያንተ ዓይን ለኔ ግድግዳ ምን ይሠራለታል? ዕድሜዬን ሙሉ ክር ከጨርቅ ያመሳሰልኩ ሴት ነኝ። ቀለም ልታስተምረኝ ነው?"

የቀለሙን ቆርቆሮ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ዞር ብለውም አላዩት። "እኔ የምኖረው ግድግዳው መሃል እንጂ ቆርቆሮው ውስጥ አይደለም" አሉኝ። ልጃቸው "እማዬ፣ ነጭ እኮ ነው" ብትል "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለቀቢ የወገንሽው?" ብለው አባረሯት።

ከሌላ ሱቅ ሌላ ነጭ ገዛሁ። "ይሄማ ከፊተኛው የባሰ ነው" አሉ። ጥርሴን ነክሼ አሰብኩ። ነጭ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ውሃው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ እንደሚያደርጉ ትዝ አለኝ፤ ነጩን ያነጣዋል። ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። "ይኸው፣ አሁን ሥራ ገባህ! ጠብ አድርግበት" አሉኝ።

ጠብ አድርጌ ቀባሁ። "ተሻለ፣ ግን ገና ነው፤ ጨምር" አሉ። ጨመርኩ። "እየመጣ ነው፣ አትሰስት" አሉ። አልሰሰትኩም።

"ቤት ብለን ጀምረን ሰማይ ልንጨርስ ነው" አለ የሚስቴ ወንድም፣ ሮለሩን እያሻሸ።

"ዝም ብለህ ቀባ!" አልኩት። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ነበር።

በመጨረሻ ያቺ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆና አረፈች። ለስድብ ተዘጋጅቼ ጠራኋቸው። እማማ መርፌ ገቡ። ቆሙ። ግንባራቸው ላይ ተቋጥሮ የከረመው ሁሉ ተፈታ።

"ይኸውልህ!" አሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። "ይሄ ነው ነጭ! ተባረክ ልጄ። ወደድኩት!"

ያቺን ቃል ስሰማ መሰላሌን ተሸክሜ መሮጥ ነበረብኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። የሚስቴ ወንድም ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ፤ ከብሩሹ ቀለም ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ አላስተዋለም። ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ አፏን በእጇ ያዘች። ሦስታችን ሰማያዊ ቤት ውስጥ ቆመናል። እሳቸው፣ እዚያው እኛ መሃል፣ ነጭ ቤት ውስጥ ቆመው ፈጣሪን ያመሰግናሉ። በሕይወቴ ብዙ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍል ሊኖር እንደሚችል ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ዓይኔ የስፌት መኪናው ላይ አረፈ። ሰው ያሠራው የነርስ ነጭ ጋዋን ተዘርግቷል። ኮሌታው ዙሪያውን የተሰፋው በሰማያዊ ክር ነበር። ልብሱን የሚመልሱት ለካ ምቀኞች አልነበሩም።

የሚስቴ ወንድም እጅጌዬን ጎተት አደረገኝ። ገባኝ፤ "ወደድኩት ብለዋል፣ እንሂድ" ማለቱ ነው። እግሬ እምቢ አለኝ።

"እማማ፣ ይሄን ጋዋን በምን ክር ነው የሚሰፉት?"

"በነጭ ነዋ።"

"ግድግዳውስ?"

"ምን ነካህ? አሁን ነጭ አልኩህ አይደል?"

ልጃቸውን አየኋት። ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች። "እማዬ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ነው" አለች። "ክሩም ሰማያዊ ነው።"

እማማ መርፌ ጋዋኑን አነሱ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ከዚያ ያልደረቀውን ግድግዳ በጣታቸው ነኩና ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም ረጅም ጊዜ አዩት። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ዞር አሉብኝ።

"ነጭ አዝዤህ ሰማያዊ ቀባህብኝ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ቀጣፊ! ውጣልኝ!" ብለው ያገኙትን የክር ጥቅል ወረወሩብኝ። ጥቅሉ ከኔ በጣም ርቆ ሌላ ጥግ ወደቀ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። መሰላሌን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት ስቀባ እጄ ይሠራል፣ ልቤ እዚያ ነው። ራሴንም መጠራጠር ጀመርኩ፤ እቤት ገብቼ ሚስቴን "ይሄ አንሶላ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" "ይሄ ሳህንስ?" እያልኩ አሰለቸኋት። "ከቀለሙ ሽታ የተነሳ ሳይዞርብህ አልቀረም" አለችኝ።

በመጨረሻ የእማማ መርፌ ልጅ ደወለች። የዓይን ሐኪም ጋ ወስዳቸው ኖሯል። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። ሞራው ቀስ እያለ ስለሚጋርድ፣ የሚያዩት ሁሉ እየደበዘዘና ቢጫ እየሆነ ሄዶ ነጩ ቅቤ፣ ሰማያዊው ነጭ ሆኖ ሲታያቸው የተበላሸው ቤቱ እንጂ ዓይናቸው አልመሰላቸውም። አንደኛው ዓይን ታክሞ ፋሻው ተነሥቷል። ሁለተኛው የባሰበት ስለሆነ ሐኪሙ ይሞክረዋል እንጂ ቃል አልሰጠም። "ና ትልሃለች" አለችኝ። "ቀለምህን ይዘህ።"

ነጩን ተሸክመን ሄድን። እማማ መርፌ ግድግዳው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ያ ጋዋን አለ፤ ሰማያዊው ክር ከኮሌታው ተተርትሮ ወጥቷል። ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ነህ? በድምፅህ ረጅም ትመስለኝ ነበር" አሉ።

የሚስቴ ወንድም በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን እኛን ረስተው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ያልታከመውን ዓይን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ሰማያዊ" አሉ በሹክሹክታ። መዳፋቸውን አዛወሩና የታከመውን ሸፈኑ። "ነጭ።" እንደገና። "ሰማያዊ… ነጭ… ሰማያዊ…"

እኛ አንድ ክፍል ለመቀየር መሰላል፣ ባልዲ፣ ሮለር፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያህል ጉልበት ያስፈልገናል። እሳቸው በአንዲት መዳፍ ብቻ ቤቱን ሙሉ ይቀይሩታል። አጃኢብ ነው! ሥራዬን ግድግዳ ላይ የሚያልቅ አድርጌ ነበር የማስበው። ቀለም ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ካልተጨረሰ ገና እንዳልተቀባ ማን ነግሮኝ ያውቃል? ቆርቆሮውን ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜ ቀረሁ።

ልጃቸው ውሃ ይዛ ገባች። ቤት ውስጥ ስለነበረች ሻሿን አላሰረችም። የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ። እማማ መርፌ ቀና ብለው አዩዋት።

"አንቺ ልጅ… መቼ ነው የሸበትሽው?"

ልጅቷ ፀጉሯን ዳሰሰች። "ቆየሁ እኮ፣ እማዬ" አለች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

"እና ለእናት አይነገርም?" ጎተት አድርገው ራሷን ጭናቸው ላይ፣ ጋዋኑ ላይ አስተኙት። ፀጉሯን እንደ ክር ዘለላ በዘለላ ለዩት። ከመሃሉ አንዷን መርጠው በጣታቸው ወደ ብርሃኑ ያዟትና ወደ እኔ ዞሩ።

"አየህ?" አሉኝ። "ነጭ ማለት ይሄ ነው።"

ሮለሬን አነሣሁ። እሳቸው ያልታከመውን ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ነጩ ሰማያዊውን እየዋጠ ሲሄድ ሳያቋርጡ ያያሉ። ሦስቱን ግድግዳ ጨርሰን የስፌት መኪናው ያለበት አራተኛው ጋ ስንደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ያቺን ተዋት።"

"ለምን፣ እማማ?"

"ይቺኛዋ ዓይኔ ገና አልታረቀችህም። እስክታያት ተዋት።"

"ሥራው ሳያልቅ ልንሄድ ነው?" አለኝ የሚስቴ ወንድም፣ በኔው ልማድ ሊቀልድብኝ።

"አላለቀም" አልኩት። መሰላሌን ሰማያዊው ግድግዳ ላይ አስደግፌ ወጣሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ሥራ ሳልጨርስ ወጥቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ዓይንም ታክሞ ፋሻው የሚነሣ ቀን ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ስደርስ ከሐኪም ቤት መመለሳቸው ነበር። ልጃቸው ትከሻቸውን ይዛ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እኔ ጥግ ላይ ቆምኩ። እማማ መርፌ ያቺን ቀድማ የታከመችውን ዓይን በመዳፋቸው አጥብቀው ሸፈኑ። መንገዱን ሁሉ ጨፍነዋት የመጡትን ሁለተኛዋን ግን ወዲያው አልገለጡም። ፈሩ። እኚያ የማይፈሩ ሴትዮ ፈሩ። ልጃቸው ትከሻቸውን ጠበቅ አደረገች።

ገለጡ። አዩ። ልጃቸው ሐኪሙ ቃል አልሰጠም ያለችኝ ትዝ አለኝ። ከዚያች ዓይን እንባ ወርዶ አገጫቸው ላይ ደረሰ።

"ሰማያዊ ናት" አሉ፣ ቀስ ብለው። "እንዴት ያለች ሰማያዊ ናት።"

እሳቸው መዳፋቸውን ከፊታቸው አነሡ፣ ከመኪናው አጠገብ መርፌና ነጭ ክር ለቀም አደረጉ፣ ክሩን በአንድ ጊዜ አሳለፉትና ጋዋኑን ወደ ጭናቸው ሳቡ። ከዚያ ቀና ብለው በሁለቱም ዓይናቸው አፈጠጡብኝ።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ?" አሉኝ። "ነጭ ነው ያዘዝኩህ!"