ማንም የማይተኛበት አልጋ

ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የመርከብ ትኬት ሻጯ የምትነግረኝ፣ ቀስ ብላ፣ ጆሮዬ የደከመ መስሏት፣ እናቴ፣ ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ሺህ ነው፣ ክፍሉ ግን የሁለት ሰው ስለሆነ ብቻዎን ከያዙት የሁለቱንም አልጋ ይከፍላሉ፣ ሠላሳ፣ ገብቶኛል ልጄ፣ ከገባኝ ሁለት ወር አለፈው፣ ዝም ያልኩት ስላልገባኝ አይደለም።

በምላሴ ጥርሴን እየነካካሁ ነው። ጥርሴ የነበረበትን።

ትኬት ሻጯ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መርከብ ተቀምጣለች፣ መስኮቶቿ የሩዝ ፍሬ ያህላሉ፣ እውነተኛዋ መርከብ ውስጥ፣ ይህን ጊዜ፣ ልጄ ጎንበስ ብላ የሰው አንሶላ ትወጥራለች፣ ወገቧን ያማታል ወይ፣ ብጠይቃት አያመኝም ነው የምትለው፣ እኔም ለእናቴ እንደዚያው ነበር የምለው።

መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ሠላሳ ስምንት ሺህ ነበር ያለችኝ፣ ባሕር የሚያሳይ መስኮት ያለው ክፍል፣ ሰው በሚበዛበት ወር፣ ለአንዲት ሴት! ታዲያ ለሁለት ከከፈልኩ ምሳውንም ለሁለት ነው የምትሰጡኝ? አልኳት፣ የምሬን ነበር፣ እሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ስመጣ ወንበር ትስብልኛለች። መስኮቱ ይቅርብኝ አልኳት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ መቼ መስኮት አየሁና፣ ሦስት ሺህ ወረደ። ነፋስ የሚበረታበትን ወር አድርጊልኝ፣ እናቴ ያስመልስዎታል እኮ፣ ያስመልሰኛ፣ አምስት ሺህ ወረደ። ከሠላሳ በታች ግን ወይ ፍንክች። ያ ሁለተኛው አልጋ እንደ ግትር በሬ መሬት ላይ ተጋድሞ አልነሳም አለኝ።

አሥራ ስድስት ሺህ የራሴ ነው፣ የጎረቤት መጋረጃ ጠርዝ እየሰፋሁ ያጠራቀምኩት። አሥራ አምስቱ የጥርሴ ነው። ልጄ ናት የላከችው። እማ ተከዪው፣ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ ስትይዢ አየሁሽ አለችኝ፣ በዚያች በስልኩ ትንሽ መስኮት፣ እኔ እሷን የማያት ግማሽ ፊቷን ነው፣ አፏን እንደከፈተች ምስሉ ቆሞ ይቀራል፣ እሷ ግን ጥርሴን ቆጥራ ጨርሳለች።

ታላቁ ልጄ መኪና ሥር ተኝቶ ነው የሰማኝ፣ እግሩ ብቻ ይታየኛል፣ እማዬ ለማትተኚበት አልጋ ልትከፍዪ? እንግዲያው እኔም ላልሠራሁት መኪና ላስከፍል! እግሩ ይስቃል። እህትህን ሦስት ዓመት አላየኋትም አልኩት። እግሩ መሳቅ ተወ። ቁልፍ አቀብይኝ አለ፣ ቆይቶ ደግሞ፣ እስከ ወደቡ የአውቶቡሱን እኔ እችላለሁ።

ሦስት ዓመት፣ ውሏ ባለቀ ቁጥር በዚያው ቀን ታድሳለች፣ ቤቱ የሄደ ተመልሶ እስኪጠራ ዓመት ይፈጃል ትላለች፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ እሺ ከማለት ሌላ ምን አውቃለሁ፣ ማለዳ ማለዳ ስሟን እየጠራሁ ለአምላኬ አደራ እሰጣለሁ፣ ባሕሩ ያንተ ነው፣ ልጅቷም ያንተ ናት፣ እኔ ብናፍቅ ግን አትቆጣኝ።

እመጣለሁ ስላት ጮኸችብኝ። እማ አብደሻል? መጥተሽስ መቼ ታገኚኛለሽ፣ ከመንገደኛ ጋር ቁጭ ብሎ መብላት ክልክል ነው፣ መርከቡ ወደብ ሲቆም እናንተ ወርዳችሁ ትዞራላችሁ እኔ ፎጣ እቆጥራለሁ፣ ጥርስሽን ተከዪ ብያለሁ፣ ዘጋችው። ሦስት ቀን ድምጿ ጠፋ። በአራተኛው ቀን መልእክት ገባ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከ6201 እስከ 6216። ከሥሩ አንድ መስመር፣ ለአንድ ክፍል አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚሰጡን።

ደጋግሜ አነበብኩት። እየበላሁ፣ እየሰፋሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት አልጋ፣ መታጠቢያው፣ መስታወቱ፣ ወለሉ። የገባኝ መጋረጃ እያጠፍኩ ነው፣ ቀጥ ብዬ ቀረሁ፣ እኔ ቀድሜ ተነስቼ ብሠራውስ? እሷ ሳትመጣ አንጥፌ፣ ጠርጌ፣ መስታወቱን ወልውዬ ብጠብቃት? የአንሶላ ማዕዘን እንደ ፖስታ ማጠፍ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ! አሥራ አምስቱ ደቂቃ የእኛ ይሆናል። ሰባት ሌሊት፣ የመጨረሻው ማለዳ መውረጃ ስለሆነ አይቆጠርም፣ ስድስት ማለዳ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ልጄን አንድ ሰዓት ተኩል።

ስርቆት ይሆን? ይህንንም አስቤዋለሁ፣ በጸሎቴ መሃል እየገባ አስቸገረኝ። የአሠሪ ጊዜ ነው። ግን ንጹሕ ክፍል ነው የሚፈልጉት፣ ንጹሕ ክፍል ያገኛሉ፣ ከእሷ ባላስበልጥ አላሳንስም። አምላክ የቤት ሥራ ያውቃል ብዬ ተውኩት።

አገኘሁልዎ! ትላለች ትኬት ሻጯ፣ እጇን አጨብጭባ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አብራቸው የምታርፍ ሴት እየፈለጉ ነው፣ ክፍሉን ይካፈላሉ፣ አሥራ አምስት ሺህ ብቻ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጨዋ ሴት ናቸው፣ በስልክ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ አያንኮራፉም።

ፊቷ በርቷል፣ የራሷ ትርፍ እኮ ቀነሰባት፣ ይባርክሽ፣ እና እኔ ምን ነካኝ፣ ግማሹ ዋጋ ጠረጴዛው ላይ መጥቶ፣ የለመንኩት መውጫ ይሄው፣ ጥርሴን አስተክዬ፣ በሁለቱም በኩል አኝኬ፣ መርከቡም ላይ ወጥቼ፣ ከአስተማሪዋ ጋር ባሕር እያየን፣ ልጄ ደግሞ ሁለት ፎቅ ከራሴ በላይ፣ ኮቴዋ ሳይሰማኝ። ወይ ደግሞ አስተማሪዋን ይዤ ስድስተኛ ፎቅ ልውጣ፣ ልጄ አንኳኩታ ትገባለች፣ ጨዋዋ ሴትዮ አልጋቸው ላይ መጽሐፍ ያነባሉ፣ እኔና እሷ በሰው ፊት እንደ እንግዳ፣ ደህና አደሩ እመቤት፣ ደህና አደርሽ። አልችለውም። አንዴ ብትስመኝ፣ አስተማሪዋ ክፋት ሳይኖራቸው ምሳ ላይ ቢያወሩት፣ አለቃዋ ቢሰማ፣ እንጀራዋ ነው።

እናቴ? አልወደዱትም? እርስዎ ባሉት በስድስተኛ ፎቅ የቀረው አንድ ነው፣ 6214፣ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የያዝኩልዎ፣ አይቆጡኝና፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ምን አለ?

ሰዓቱን አየዋለሁ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። አሥራ አምስት ደቂቃ እንደዚህ ናት ለካ፣ ይህችን ታህላለች።

ልጄ አለችኝ እላለሁ። እዚያ ታጸዳለች።

ጣቷ የኮምፒውተሩ ፊደል ላይ ይቆማል። ታየኛለች፣ የፕላስቲኳን መርከብ ታያለች፣ በሩን ታያለች። ከዚያ የአስተማሪዋን ገጽ ትዘጋዋለች። እኔ ምንም አልሰማሁም ትላለች፣ አንዲት እናት ባዶ አልጋ ጎናቸው ካልተነጠፈ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ አመል ነው፣ በቃ። ሳቄ ያመልጠኛል፣ እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ይሮጣል።

ሠላሳ ሺህ። ቆጥራ ታስራለች። አንድ ሺህ ይዤ ቀረሁ፣ አይቆጨኝም፣ ይቆጨኛል፣ አይቆጨኝም።

ግን ልጄ የጥርሴን ክፍተት ታየዋለች። እንዴት ላደርግ ነው፣ ስድስት ማለዳ ከንፈሬን ገጥሜ? ገና በሩን ስከፍትላት መሳቄ አይቀር። ታንኳኳለች፣ በሥራ ድምጿ፣ ክፍል ላጽዳ? በሩ ይዘጋል፣ ታቅፈኛለች፣ ዞር ብላ ማዕዘኑን ትመረምራለች፣ እማ ላልቷል ትለኛለች፣ ልማዷ ነው፣ ቁጭ በይ እላታለሁ፣ አንዱ አልጋ ላይ እኔ፣ አንዱ ላይ እሷ፣ ጉልበታችን እስኪነካካ ጠባብ ክፍል ነው፣ እና አፌን ታያለች፣ ድምጿ ይለወጣል፣ እማ፣ የጥርሱን ገንዘብ ምን አደረግሽው?

የተቀመጥሽበት ነው እላታለሁ።