ልብሴን መልሺልኝ

ልብስ አጣቢው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድን ዘፈን አበላሽቶ ዘፍኗል። ዘፋኙ «ልቤን መልሺልኝ፣ ሳይመሽ ልሂድበት» ይላል። እሱ ግን የላውንደሪው ማሽን እያጓራበት፣ ክሩ ከተበላ ካሴት ስለተማረው «ልብሴን መልሺልኝ» እያለ ነው ያረጀው። ደግሞም ያስኬዳል፤ እሱ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሳይመሽ ልብሱን የሚፈልግ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን የካሴቱን ወረቀት አምጥታ አስነበበችው። አነበበ፣ አመነ፣ በነጋታው ካውያውን እንደያዘ «ልብሴን» አለ። የለመደ አፍ ምን ይደረጋል!

ዛሬ ከሰዓት ግን ዘፋኙ ሊዘፍን በመጣበት አዳራሽ፣ ከመድረኩ ሥር፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ሌላ ከተማ ላይ ጎርናናው (አድናቂዎቹ ዘፋኙን እንዲህ ነው የሚሉት) በዚሁ ዘፈን መሀል ግጥሙ ጠፍቶት፣ ሰው አፏጭቶበት፣ እያለቀሰ ከመድረክ ወርዷል። ታናሽ ወንድሙ ጊታሪስቱም «ዳግመኛ እንዲህ ከሆነ ባንዱን እንበትናለን» ብሎ ለጋዜጣ ተናግሯል። ልብስ አጣቢው ያን ካነበበ ወዲህ እህል አልወርድለት ብሏል። ያ ሰው የወጣትነቱ ድምፅ ነው፤ ሲዋረድ ማየት አይችልም።

የዘፈኑ ሁለት ቤት በሰላም አለፈ። «ልቤን» ብሎ የሚጀምረው ሦስተኛው ላይ ጎርናናው አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ጊታሪስቱ ዙሩን ደገመለት። አሁንም ደገመለት። ከኋላ አንዱ አፏጨ።

«ንገረው እንጂ!» ሚስቱ ጎኑን ጎሸመችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሰማሃል እኮ!»

«አንቺ ንገሪው፤ እኔ አበላሻለሁ።»

«የኔ ድምፅ የት ይደርሳል? ልቤን ነው፤ ልቤን በል!»

በሆዱ ልቤን፣ ልቤን፣ ልቤን እያለ ተነሳ። ሁለተኛ ፉጨት መጣ። ትንፋሹን ሰብስቦ ጮኸ።

«ልብሴን!»

ሙዚቃው ቆመ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሚስቱ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ልብስ አጣቢው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ጎርናናው አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጃኬቱን ዳበሰ።

«ልብሴንስ ለብሼዋለሁ፣ ወንድሜ» አለ በማይኩ። «እኔን የጠፋኝ ልቤ...»

ቃሉ አፉ ላይ ቆመ። ዓይኑ በራ።

«ልቤን!» አለ።

ጊታሩ ተቀበለው። ጎርናናው አንድም ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው ዘፈነው። የሳቀው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ልብስ አጣቢው ሳያፍር አለቀሰ።

ጭብጨባው በረድ ሲል ጎርናናው ወደ ወንድሙ ዞረ። ማይኩ አልተዘጋም።

«ያቺን የድሮዋን፣ ‹ልቤን መልሺልኝ›ን፣ መቼ ነው የምንጫወታት?»

አሁን አንድም ሰው አልሳቀም። ጊታሪስቱ ወንድሙን እያየ ጣቶቹን ወደ ጊታሩ መለሰ።

«አሁን» አለው፤ መግቢያውንም እንደገና ጀመረ።

ልብስ አጣቢው አልተቀመጠም። «ልብሴን» የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ አዘጋጅቶ ሦስተኛውን ቤት መጠበቅ ጀመረ። ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ አላረመችውም።