የተጠቀለሉ ግንባሮች

በእኛ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ደንብ አለ፤ እግሩ የተቆረጠም ይግባ ሆዱ የተቀደደ፣ ግንባሩ በፋሻ ይጠቀለላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነርሷ ኛጃል ነኝ። የእኛ የኑዌር ወንድ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ይተለተላል፤ ከወንዝ ማዶ ያሉት ደግሞ ነጠብጣብ ይወጋሉ። ግንባሩ የተገለጠ በሽተኛ መታወቂያውን አንጠልጥሎ እንደተኛ ነው፤ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ ማንን እንደሚያንቅ ያውቃል። ባለፈው ክረምት አንዱን በትራሱ አፍነው ገደሉብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነው መጠቅለል የጀመርኩት።

በቅርቡ አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በማሽን ይተነፍሱ ነበር። አንደኛው የእኛው ልጅ ቢየል ነው፤ የተዘረፈ ከብት ሊያስመልስ ሄዶ ጥይት ሳንባውን በስቶት መጣ። ሁለተኛው ከብቱን ከነዱት አንዱ ነው፤ መንጋጋው ተሰብሮ፣ አንገቱ ተመትቶ ሜዳ ላይ ወድቆ ተገኘ። ስሙን አላውቅም። የአክስቴን ልጅ በጦር የወጉት የእሱ ሰዎች ናቸውና ጠልቼዋለሁ፤ አልደብቅም። ግን እኔ ክፍል ውስጥ ማንም አይነካውም። ያኛው በምቱ፣ ቢየል ደግሞ ከሳንባው ባመለጠው አየር ፊታቸው እንደ ቅል ተነፍቷል፤ አፋቸው ቱቦ ጎርሷል። የየራሳቸው እናት ብትመጣ አትለያቸውም።

ረፋድ ላይ የቢየል ታላቅ ወንድም ሩአች ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ሽማግሌው ዶክተራችን በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቢለምናቸው ሩአች በጠመንጃው ሰደፍ ጥርሱን አራገፈለት፤ ኮሪደሩ ላይ ተዘረረ። ዘበኛው አጥር ዘሎ ጠፋ። ከዚያ ሩአች፣ ለጉራ ይሁን ለማስፈራሪያ እንጃ፣ ጄኔሬተሩ ላይ አንድ ካዝና ጥይት አርከፈከፈበት።

መብራት ጠፋ። የማሽኖቹ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ሁለቱም ጸጥ አሉ።

"ያ የወንዝ ማዶ ውሻ የታለ?" እያለ ገባና መሣሪያውን ደረቴ ላይ ደገነ። "ፋሻውን ፍቺ!"

"ሁለቱም ታፈኑ እኮ!" ብዬ ጮህኩበት። "ፋሻ ስታስፈታ ወንድምህ ይሞትልሃል! በእጅ እየተጨመቀ ሳንባ ውስጥ አየር የሚነፋ ፊኛ ሁለት አለኝ፤ እኔ ግን አንድ ነኝ። ና ጨምቅ!"

"ቢየል የቱ ነው?"

ፊኛዎቹን ከመደርደሪያ አወረድኩ። እሱ አልጋዎቹን አየና እግሩ ከፍራሹ አልፎ ወደተንጠለጠለው ረጅም ሰው ሮጠ። "ይሄ ነው። ይሄን እግር ሕፃን ሆኖ ስሸከመው አውቀዋለሁ" አለ።

ተሳስቷል። ብነግረው ግን ረጅሙን እዚያው በጥይት ይበትነዋል። ደግሞም ቢየል የሚፈልገው የእኔን እጅ ነበር፤ የደረቱ ቱቦ በየጊዜው ይደፈናል፣ ያልተማረ ሰው ይጨርሰዋል። በስህተቱ ተውኩት።

ፊኛውን እጁ ላይ ጫንኩለት። "እስከ አምስት ቁጠርና ጨምቅ። ላም እንደማለብ ነው፣ ቀስ ብለህ።"

እንደተሰደበ ሰው አፈገፈገ። ግንባሩ የተተለተለ ወንድ የላም ጡት አይነካም፤ ማለብ የሴትና የልጅ ሥራ ነው።

"እህቴ፣ ጓደኞቼ እየሰሙ እንዲህ አትበይኝ።"

"እንግዲያ ክብርህን ታቅፈህ ቁም፤ ማታ ወንድምህን ትቀብራለህ።"

ጨመቀ። መጀመሪያ የጠላት አንገት የያዘ ይመስል አነቀው፤ "ቀስ!" ብዬ በክርኔ ስጎሽመው ለዘበ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ እስክትዘቀዝቅ ሁለታችንም ጨመቅን። እሱ በየመሀሉ ያወራዋል። "ተነሥ እንጂ አንተ ሰነፍ። ቦቃውን በሬ ላንተ ነው የምሰጠው፤ ሰማኸኝ?" ይለዋል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ቢየልን እጨምቃለሁ።

ከዚያ የቢየል የደረት ቱቦ በደም ሞላ። ጠረግኩት፣ መልሶ ሞላ። ልቡ ቆመ። ወለሉ ላይ አውርጄ ደረቱን በሁለት እጄ ደቃሁት፤ የጎድን አጥንቱ ከመዳፌ ሥር ቀጭ ሲል ሰማሁት። አልተመለሰም።

ሩአች ሳቀ። "ሞተ? ይበለው! የእጁን አገኘ!" አለና ፊኛውን ሳይለቅ ወደ ሬሳው ምራቁን ተፋ። ምራቁ የቢየል ጉንጭ ላይ አረፈ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ደሜ ፈላ፤ የቢየልን ፋሻ ጨብጬ ቦጨቅሁት። ስድስቱም መስመሮች ወጡ።

ሩአች እጁ ቆመ። የእሱን በሽተኛ ፋሻ ገፈፈው፤ ነጠብጣብ ነው። አፈሙዙን ነጠብጣቡ መሀል ተከለ። የሰውየው ደረት መነሣት አቆመ።

"ተኩስ!" አልኩት። "ተኩስና ሂድ። እናትህ ጄኔሬተሩን ማን መታው ብላ ስትጠይቅህ ግን ምን ትላታለህ?"

በሰደፉ ትከሻዬን ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ግራ እጄ ሞተ። ተስቤ ሄጄ በቀኜ ብቻ ፊኛውን ያዝኩ፤ በአንድ እጅ የሚገባው አየር ግማሽ እንኳ አይሆንም። ሩአች ወንድሙ አጠገብ ተንበርክኮ ምራቁን ከጉንጩ ላይ በመዳፉ ይጠርግ ነበር። የጠረገውን ቦታ እንደገና ይጠርጋል።

የሰውየው ከንፈር ጠቆረ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

"ሩአች" አልኩ። 

ተነሣ። መሣሪያውን ወለሉ ላይ ተወና ፊኛውን ከእጄ ነጠቀኝ። ጓደኞቹ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሩአች፣ ለውሻ ታልባለህ?" አለው አንደኛው።

ሩአች ፊኛውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"በየስንት ነው ያልሽኝ?" አለኝ።

"እስከ አምስት።"

እያለቀሰ ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ አምስት ላይ ጨመቀ።